የአባቴ ሁለተኛው ለቅሶ

ላፍቶ፣ አስፋልቱ ዳር ያለችው ሱቄ ሁለት ፍራሽ ቢነጠፍባት የምትሞላ ናት። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒና አንድ ማተሚያ አሉኝ። ሰው የሚመጣው ለሥራ ማመልከቻ፣ ለኪራይ ውል፣ ለሠርግ ጥሪ ነው፤ ከሁሉ በላይ ግን ለሟች ነው የሚመጣው። እዚህ አገር ሰው ሲሞት ቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪኩ ይነበባል፤ በሰፈራችን ያን ታሪክ የምተይበው አብዛኛውን ጊዜ እኔ ነኝ። ጠዋት ሱቄን ስከፍት ዓይኑ የቀላ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ካገኘሁ ምን ፈለግክ ብዬ አልጠይቅም። ወንበር እሰጠዋለሁ፤ ከዚያ "የሟች ሙሉ ስም?" እላለሁ።

አሥራ ሰባት ዓመት ሠርቼበታለሁ። የሟች ታሪክ አጻጻፍ የራሱ ደንብ አለው። ሰካራም የነበረ ሰው የለም፤ "ተጫዋችና ሰው ወዳድ" ነበር። ሚስቱን ሲደበድብ የኖረው "ቁጡ ቢመስሉም ሆደ ቡቡ" ይባላል። ምን ሲሠራ እንደኖረ ሁሉም እያወቀ ማንም የማይናገርለት ሰው ደግሞ "በተለያዩ ቦታዎችና የሥራ መስኮች አገራቸውን አገልግለዋል" ይባላል። ይህቺን ዓረፍተ ነገር እኔ ፈጠርኳት አልልም፤ የእኔን ያህል የተጠቀመባት ሰው ግን ያለ አይመስለኝም። ስንቱን ጉድ ሸፍናለች።

አባቴ የሦስት አገር ወታደር ነበር። ዛሬ በአንድ ትንፋሽ ጻፍኩት፤ መጻፍ በነበረብኝ ቀን ግን አልጻፍኩትም።

የመጀመሪያው አገር የራሱ ነው። ከወንዝ በቀር ውኃ አይቶ የማያውቅ የጎፋ ልጅ ሆኖ ባሕር ኃይል ገባ። ሥራው የመርከብ ሞተር ነበር። በዓመት አንዴ ለፈቃድ ሲመጣ የደረቀ ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞ ይመጣል፤ እናቴ ሽታውን ስለማትወደው ገና ሻንጣው ሳይከፈት ለጎረቤት ትሰጠዋለች። እኔን ትከሻው ላይ አስቀምጦ ግቢውን ያዞረኛል። ያኔ የምንኖረው ነፋስ ስልክ ነው፤ ሦስት ቤተሰብ አንድ የውኃ ቧንቧ በሚጋራበት ግቢ ውስጥ፣ በቀበሌ ቤት። ከአባቴ የማስታውሰው ይኼንኑ ነው። ከትከሻው ላይ ሆኜ የጎረቤቶቻችንን ጣሪያ ከላይ ማየት በጣም ደስ ይለኝ ነበር።

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ መንግሥት ወደቀ። ወታደሩ ከየግንባሩ ተበተነ፤ እግሩን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ዱላ ተደግፎ በሰፈራችን ያልፍ ጀመር። እናቴ በየጠዋቱ አስፋልት ወጥታ የሚያልፈውን ሁሉ አንድ በአንድ ትጠይቃለች። በስንት ቀኑ ከአባቴ ጋር ያገለገለ ሰው ተገኘ። ወደቡ ሲያዝ መርከቦቹ የቻሉትን ያህል ሰው ጭነው ወደ የመን እንደሸሹ በዓይኑ አይቷል። አባቴ የተሳፈረባት ጀልባ ስትቃጠልም አይቻለሁ ብሏል። ይህን ለእናቴ ሊነግራት አልደፈረም፤ ለሰፈር ሽማግሌዎች ነግሮ መንገዱን ቀጠለ።

መርዶ ዝም ብሎ አይነገርም። ባለቤቱ ሳይሰማ ጎረቤት ይሰማል፣ ዘመድ ይጠራል፣ ቀን ይቆረጣል፤ ከዚያ ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ሽማግሌዎች በሩን ያንኳኳሉ። ስለዚህ እናቴና እኔ ሳንሰማ ሰፈሩ ሁሉ አውቆ ነበር። በዋዜማው የሰፈራችን ባለሱቅ፣ ከስልጤ የመጣ ቁጥብ ሰው ነበር፣ ለስኳር ስላክ አናቴን ዳስሶ ከረሜላ ጨመረልኝ። ምን ተገኘ ብዬ ተገርሜ እየዘለልኩ ተመለስኩ።

በማግስቱ በሩ ሲንኳኳ የከፈትኩት እኔ ነኝ። አባቴ መስሎኝ ነው። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሰዎች ከእኔ በላይ ወደ ውስጥ ያዩ ነበር። እናቴ ከአልጋዋ ቀና ብላ አየቻቸው፤ አንዳቸውም አፋቸውን ሳይከፍቱ ጮኸች።

አስከሬን አልነበረም። ዩኒፎርም ለብሶ የተነሣውን ፎቶውን ወንበር ላይ አስቀመጡት። ድንኳን ተተከለ፣ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ሰፈሩን ዞረ። እኔ እንዴት እንዳለቀስኩ የዚያን ጊዜ ሴቶች እስከ ዛሬ ያወሩታል። ፎቶውን ከወንበሩ ነጥቄ፣ ደረቴ ላይ ለጥፌ፣ አዋቂ ሰዎች መያዝ እስኪያቅታቸው ድንኳኑ ውስጥ እሮጥ ነበር። ድምፄ ተዘጋ። እህል አልወርድልሽ አለኝ። በዕድሜዬ ሙሉ የተመደበልኝን እንባ በእነዚያ ሦስት ቀናት ጨረስኩት ብዬ አምናለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ለማንም እንዲያ አልቅሼ አላውቅም። አርባው ወጣ። እናቴ ጥቁር ለበሰች። ሌላው ሰው በዓመቱ ሲያወልቅ እሷ አላወለቀችም። ሽማግሌ የላኩባት ወንዶች ነበሩ፤ አልፈቀደችም። በአንድ ትምህርት ቤት በጽዳት ሥራ አሳደገችኝ፤ ሰፈሩም "ሴት ማለት እሷ ናት" አላት። እኔም ኮራሁባት።

ከዚያ እኔ አደግኩ፣ ኮምፒውተር ተማርኩ፣ ሱቄን ከፈትኩ። ለእናቴ የኮንዶሚኒየም እጣ ወጣላትና ወደ ላፍቶ ገባን። እድራችን ግን የድሮው ሰፈር እድር ነበር፤ አልለቀቅንም።

ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። በአንድ ማለዳ በራችን ተንኳኳ። የእድሩ ሰብሳቢና ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ፊታቸው ጠቁሯል፣ አንዱም ዓይኔን አያይም። እናቴ ወዲያው ነጠላዋን ዘቅዝቃ "ወንድሜ ነው አይደል?" አለች። የገጠሩ ወንድሟ ታሞ ስለነበር ነው። በኋላ ሳስበው አዘንኩላቸው። ሰው ሞተ ብሎ ለመናገር ስንት ወግ አለን፤ የተለቀሰለት ሰው መጣ ብሎ ለመናገር ግን የተሠራ ወግ የለም። ቢጨንቃቸው ያንኑ የመርዶውን ወግ ይዘው በጎህ መጡ።

"ባለቤትሽ በሕይወት አለ" አላት ሰብሳቢው። "ትናንት የድሮው ሰፈር መጥቶ አፈላለገሽ። ታች ነው ያለው።"

እናቴ አልጮኸችም። ነጠላዋን ቀስ ብላ አስተካከለችና "ቁርስ በልቷል?" አለች።

ድንጋጤ ነው ብዬ አሰብኩ። ሁላችንም እንደዚያ አሰብን።

ደረጃውን ወርጄ አየሁት። አንድ ሻንጣ ይዞ፣ ወገቡን ቀጥ አድርጎ፣ ሰልፍ ላይ እንዳለ ሰው ቆሟል። የማውቀው ትከሻ አልነበረም፤ ከኮቱ ውስጥ አጥንቱ ይታያል። "ልጄ" አለኝ። እኔ "እንኳን ደህና መጡ" አልኩት። አንቱ ማለቴን ከአክብሮት ቆጥሮት ይሆናል። የማላውቀው ሽማግሌ ስለሆነብኝ ነው።

ለሰፈር የሚነገር ነገር ያስፈልግ ነበርና "የመን እስር ቤት ነበር" ተባለ። መጀመሪያ ማን እንዳለው አላውቅም። ሁሉም ተቀበለው፤ ሴቶቹ "የእናትሽ ጸሎት ነው ያወጣው" እያሉ ጉንጬን ሳሙኝ።

ቤት ውስጥ እንደ ሁለት ተከራይ ኖሩ። እሱ ሳሎን ይተኛል፤ ጠዋት አልጋውን ጠርዙ ጣት እስኪቆርጥ ድረስ ያነጥፋል፣ የሦስታችንንም ጫማ ቦርሾ በር ላይ በረድፍ ያሰልፋል። እሷ ምግቡን ታቀርባለች፣ ልብሱን ታጥባለች፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ ትሰጠዋለች። አንድም ቀን የት ነበርክ ብላ አልጠየቀችውም። አንድም ቀን። ቴሌቪዥን ላይ የኳስ ጨዋታ ሲጀመርና የአገር መዝሙር ሲዘመር ብድግ ብሎ ይቆማል፤ የየትኛውም አገር ቢሆን። እኔ እስቅበት ነበር። እናቴ አትስቅም፤ መዝሙሩ እስኪያልቅ ማንኪያዋን አስቀምጣ ትጠብቀዋለች።

ወሬውን ሁሉ ያወራው ለእኔ ነው፣ ሱቅ እየመጣ። በጠዋት ይመጣና ሰው ከሚቀመጥበት አግዳሚ ጫፍ ላይ ይቀመጣል። እኔ እተይባለሁ፣ እሱ ያወራል።

የተቃጠለችው ጀልባ የእሱ አልነበረችም፤ በሌላ መርከብ ነው ያመለጠው። የመን ሲደርሱ መርከቦቹን ወደብ ላይ አስረው ሰዉን በረሃ ውስጥ በድንኳን አሰፈሩት። መርከቦቹ እዚያው እየዛጉ፣ ሰዎቹ እዚያው እየጠበቁ ዓመታት አለፉ። ከዚያ አገሩ ለሁለት ተከፍሎ እርስ በርሱ ተዋጋ። የአንደኛው ወገን መኮንን ወደ ሰፈራቸው መጥቶ "ሞተር የሚያውቅ ማነው?" ሲል አባቴ እጁን አወጣ። ያ ወገን ተሸነፈ። የአሸናፊው መኮንን መጥቶ "ሞተር የሚያውቅ ማነው?" ሲል አሁንም እጁን አወጣ። ይህን ሲነግረኝ እጁን ደግሞ ብድግ አድርጎ አሳየኝ፤ ፎቶ ኮፒ ሊያስነሣ የገባ ተማሪ እሱን የጠራው መስሎት ቀረበ።

"ሰው ገድለዋል?" አልኩት አንድ ቀን፣ ሱቁ ባዶ ሲሆን።

"እኔ ሞተር ነው የጠገንኩት" አለ። ቆይቶ ደግሞ፣ "ሞተሩ ግን የሚሄድበት ቦታ ነበረው" አለ።

ሦስተኛው በባሕረ ሰላጤው ካሉት ትንንሽ ሀብታም አገሮች አንዱ ነው። እዚያ ወታደሩ ሁሉ ከሌላ አገር የመጣ ነው አለኝ፤ ከየመኖች ጋር ተቀላቅሎ፣ የየመን ስም ይዞ ገባ። የጥበቃ ጀልባ ሞተር ሲጠግን አረጀ። ሳንባው ሲበላሽ አሰናበቱት።

"ሦስቴ ምያለሁ" ይለኛል። "በሦስት ባንዲራ።"

"የትኛውን ነው ከልብዎ የማሉት?"

"የመጀመሪያውን። ግን እሱንም ልጅ ስለነበርኩ ነው።"

እየቆየ ወደድኩት ማለት እችላለሁ? አላውቅም። ሳይመጣ ሲቀር ግን በር በሩን ማየት ጀመርኩ። የማተሚያው ሮለር ሲያስቸግረኝ በጥርስ መፋቂያና በአልኮል አጽድቶ አስነሣልኝ። ለደንበኞቼ "አባቴ ነው" ማለት ጀመርኩ። እና ልቤ ትንሽ ስለተከፈተ መጠየቅ የሌለብኝን ጠየቅኩት።

"ቢያንስ አንድ ደብዳቤ እንዴት አይጽፉም?"

ውጪ የሚኒባስ ረዳት "ጎፋ! ጎፋ!" እያለ ይጣራል።

"የመጀመሪያዎቹን ዓመታት መንገዱ አልነበረም" አለ። "ኋላ ግን ነበር። ኤደን ወደብ ገበያ ውስጥ የሰፈራችንን ባለሱቅ አገኘሁት። ዕቃ ሊያመጣ መጥቶ ነው። ሲያየኝ ሸሸኝ፤ መንፈስ መስዬው ነው። ተከትዬ ያዝኩት። 'አንተን እኮ አልቅሰንልሃል' አለኝ። ሦስቱንም ቀን ድንኳኔ ውስጥ ተቀምጧል። ማን ማን መጣ አልኩት፤ ቆጠረልኝ። 'ልጅህን መያዝ አቅቶን ነበር' አለኝ።"

እጄ ኪቦርዱ ላይ ቀረ።

"እና ለምን አልመጡም?"

"ምን ሆኜ ልምጣ? የሌላ አገር ዩኒፎርም ለብሼ ነበር። ያ ያለቀሳችሁለት ሰው ለአገሩ የሞተ ነው። ደህና ሰው ነበር የቀበራችሁት፤ ከእኔ ይሻላል። ተነሥቶ ባያሳፍራችሁ ይሻላል አልኩ። ባለሱቁን እንዳትናገር ብዬ ለመንኩት።"

ይህን ሰው ልመታው ፈለግኩ። በእውነት ነው የምለው፤ እጄን ያዝኩት። እኔ ፎቶ አቅፌ በዘጠኝ ዓመቴ ያበድኩለት ሰው፣ ማበዴን ሰምቶ፣ አመስግኖ፣ ወደ ሞተሩ ተመልሷል። ሃያ ዓመት፣ ከዚያም በላይ።

"ፈሪ ነህ" አልኩት። አንተ ያልኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

"ነኝ" አለ። ቀና እንኳን አላለም። "ለዚህ ነው የነገርኩሽ። አንቺ የሟች ታሪክ ትጽፊያለሽ። አንዴ በሐሰት ተለቅሶልኛል። ሁለተኛው እውነት ይሁን። ሦስቱንም አገር ጻፊ፣ ኤደንንም ጻፊ፣ ዝም ማለቴንም ጻፊ። ሰው ይስማው። እናትሽም ትስማው። በቁሜ ዓይኗን እያየሁ መናገር አልቻልኩም፤ ስሞት ንገሪልኝ።"

እናቴን አሰብኩ። ጥቁሯን አሰብኩ። የተመለሱትን ሽማግሌዎች፣ "ሴት ማለት እሷ ናት" ያላትን ሰፈር። ባሏ እያወቀ እንደተዋት በእድሩ ሁሉ ፊት ሊነበብባት ነው። ደንበኛ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር፤ አባቴ እንዲለቀኝ ብዬ "እሺ" አልኩት። እሱ ግን እንደ ቃል ኪዳን ተቀበለው። ፊቱ ሲፈታ አየሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ወሬውን ትቶ አግዳሚው ላይ ዝም ብሎ ፀሐይ ይሞቅ ጀመር።

ከመጣ በስምንተኛው ዓመት ሳንባው አሸነፈው። ሆስፒታል ሳለ አንዴ እጄን ይዞ "አልረሳሽም?" አለኝ። "አልረሳሁም" አልኩት። ይኼ ውሸት አልነበረም። በማግስቱ ረፋዱ ላይ ሞተ።

እድሩ ዘንድ ሄጄ ሳስመዘግብ አዲሱ ጸሐፊ መዝገቡን አገላብጦ ቀና አለ። "እኅቴ፣ እኚህ ሰው ሞተዋል እኮ" አለኝ። አዎ፣ ስለሞተ ነው የመጣሁት አልኩት። "አይ፣ ቀድሞ" አለና መዝገቡን አዞረልኝ። በቀይ እስክሪብቶ ተሠርዟል፤ ከተመለሰ በኋላ ማንም አላስተካከለውም፤ ሰው አንዴ ከተሠረዘ ወደ ሕያዋን የሚመልሰው ዓምድ መዝገቡ ላይ የለም። ከኮሚቴው አንዱ "ለአንድ ሰው ሁለት ድንኳን ደንባችን ይፈቅዳል እንዴ?" ሲል ሌላኛው ሳቀ፤ እኔን ሲያይ ሳቁን ዋጠው። ተከራከሩ። መጨረሻ ላይ ሰብሳቢው "ድንኳኑ ለእሱ አይደለም፣ ለእሷ ነው፤ አባሏ እሷ ናት" ብሎ ዘጋው። አባቴ በሁለተኛው ሞቱ በሚስቱ ስም ነው ድንኳን ያገኘው።

ከሰዓት ሱቄን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ቀብሩ በማግስቱ ነው። መጀመሪያ እውነቱን ጻፍኩ። አንድ ገጽ ተኩል ሆነ። ሦስቱን አገር ጻፍኩ፣ እጁን ሁለት ጊዜ እንዳወጣ ጻፍኩ፣ የኤደንን ገበያ ጻፍኩ፤ "ደህና ሰው ነበር የቀበራችሁት" ያለውንም እንዳለ አስገባሁት። በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ የዚያን ያህል ጥሩ አድርጌ የጻፍኩት የለም። አንብቤው ስጨርስ እናቴ ከዘመዶቿ ጋር መጣች፤ ፎቶ አስመርጣ ልትሄድ ነው። ለሥራዬ ክብር ነበራት፤ ስክሪኑን ያየች አልመሰለኝም። አግዳሚው ላይ፣ እሱ ይቀመጥበት በነበረው ጫፍ ተቀመጠች።

"ጨረስሽ?" አለችኝ።

"እየጨረስኩ ነው።"

"ያለውን ሁሉ ጻፊ" አለች። ሁሉም ደንበኛ እንደዚያ ይላል፤ የወለዳቸውን ልጆች ቁጥር እንዳትረሺ ማለታቸው ነው። ነጠላዋን ጭኗ ላይ ሰበሰበች። በዚህ ዕድሜዋ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሊነበብባት ነው። አልቻልኩም። እሷ ስትወጣ ሁሉንም መርጬ አጠፋሁት። በቦታው ያቺን የቆየች ዓረፍተ ነገሬን ተየብኩ። "በተለያዩ ቦታዎችና የሥራ መስኮች አገራቸውን አገልግለዋል።" ለእናቴ ያደረግኩት መልካም ነገር መስሎኝ ነበር። እንዲያውም ትንሽ ኩራት ተሰምቶኛል፤ አልዋሽም።

ቀብሩ ላይ የእድሩ ሰብሳቢ ወረቀቱን አነበበው። ሁለት ደቂቃ እንኳን አልሞላም። ሰው ራሱን ነቀነቀ። ባለሱቁ መጥቶ ነበር፤ ጺሙ ሙሉ በሙሉ ነጥቷል፤ ከአጥሩ አጠገብ ቆፍያውን በእጁ ይዞ ቆሟል። ንባቡ ሲያልቅ ቀና ብሎ አየኝና መሬቱን አየ። እኔ አላለቀስኩም። ሞክሬ ነበር፤ አልመጣልሽ አለኝ። የድሮው ሰፈር ሴቶች ደረቅ ፊቴን እያዩ ሲተያዩ ተመለከትኩ። እናቴም አላለቀሰችም። አፈሩ ሲመለስ ሰብሳቢው እጅ ውስጥ ያለውን ወረቀት ታይ ነበር፤ የቀረ ገጽ ያለ ይመስል።

በሦስተኛው ቀን ሰው ተሰናበተ። የእድሩ ወጣቶች ከኮንዶሚኒየሙ ግቢ የድንኳኑን ገመድ መፍታት ጀመሩ። እኔና እናቴ ውስጥ ሆነን ብርጭቆ እንሰበስባለን።

"የኤደኑን ለምን አወጣሽው?" አለች።

ሰማሁ፤ ግን አልገባኝም። "የቱን?" አልኳት።

"ባለሱቁን ያገኘበትን።"

ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

"ማን ነገረሽ?"

"ራሱ ባለሱቁ። ያኔ ከኤደን በተመለሰ በሳምንቱ። ባልሽን አልናገርም ብዬው ነበር፣ ጥቁር ለብሰሽ በሱቄ ደጅ ስታልፊ ግን አልቻልኩም አለኝ።"

ይህ ማለት አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ለነፍሱ ለአርሴማ እየተሳልኩ፣ በየሙት ዓመቱ ሻማ እያበራሁ፣ በትምህርት ቤት ፎርም ላይ "አባት፦ በሕይወት የሌሉ" እያልኩ የምሞላበት ጊዜ። ፎርሙ ላይ የምትፈርመው እሷ ናት።

"አውቀሽ?" አልኳት። "እያወቅሽ እኔ ሳለቅስ ዝም አልሽ?"

ፊቷን ከእኔ አላዞረችም። "አንቺ ትንሽ ልጅ ነበርሽ" አለች። "አባትሽ ሞቷል ቢባል ይለቀሳል፣ ይወጣል። አባትሽ አለ፣ ግን አይመጣም ብልሽ ኖሮ በምን ይወጣልሽ ነበር?"

ያስቀመጥኩትን ብርጭቆ አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት።

"እሱንስ ለምን አልጠየቅሽውም? ስምንት ዓመት ሙሉ!"

"ራሱ እንዲነግረኝ ነበር የምፈልገው። በየቀኑ ስጠብቀው ኖርኩ። ምግቡን አቅርቤ ትንሽ እቆማለሁ፣ ዛሬ ይናገር ይሆናል እያልኩ። ለአንቺ የነገረሽ ቀን ፊትሽን አይቼ አወቅኩ። ለእኔ የማይለው ከሆነ ቀብሩ ላይ ይነበብልኛል አልኩ። ያለውን ሁሉ ጻፊ ያልኩሽ ለዚያ ነው።" ከዚያ ድምጿ ወረደ። "ለምን አልመጣም? ምን አለሽ?"

ባዶው ድንኳን ውስጥ፣ ወጣቶቹ ሸራውን ከወዲያ በኩል እያወረዱት፣ ነገርኳት። ተንተባተብኩ። ቅደም ተከተሉ ተምታታብኝ። እጁን ማውጣቱን ከኤደን በኋላ አደረግኩት፤ ያ "ደህና ሰው ነበር የቀበራችሁት" ያለው ቃል አፌ ላይ ሲመጣ እሱ እንዳለው ሳይሆን እንደ ማመካኛ ሆነብኝ። እናቴ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ፣

"እንደጻፍሽው አንብቢልኝ" አለች። "ስገባ ብዙ ጽፈሽ ነበር፤ ገጹ ሞልቶ አይቻለሁ።"

"አጥፍቼዋለሁ" አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ብርጭቆዎቹን ትሪው ላይ እየደረደረች፣ "እንደገና ጻፊዋ" አለች።

"እሺ" አልኳት።

እናቴ ከዚያ በኋላ አምስት ወር ቆየች። በየሳምንቱ እጽፋለሁ እያልኩ፣ ሥራ በዛብኝ እያልኩ፣ መብራት ጠፋ እያልኩ ሳልጽፍላት ቀረሁ። እውነቱን ለመናገር ተናድጄባት ነበር፤ በእሱ ከተናደድኩት በላይ። ቀጣኋት መሰለኝ። እሷም አልጠየቀችኝም፤ እራት አቅርባ ትንሽ ትቆማለች፣ ከዚያ ትሄዳለች። ይህን መጻፍ የጀመርኩት ከቀብሯ ማግስት ነው።